የግራ እግሬ ካርታ

አውራ ጣቴ ከዳ፣ ከሹመቱ ወርዶ፣
ከጎረቤት ጣት ላይ ተደገፈ ሄዶ።
እሱ በለቀቀው፣ በባዶው ድንበር ላይ
አጥንቴ ጉብ አለ፣ ለሰው ሁሉ እንዲታይ።

ስሜ ኤርሲሊያ ነው፤ በጄኖቫ ወደብ
ትኬት እቆርጣለሁ ለሚሄድ በመርከብ፤
ሰርዲኒያ ለሚሻ፣ ኮርሲካ ለሚያምረው፣
ሠላሳ ዓመት ቆሜ የሸኘሁት ስንት ነው!
መቆሙ ነው ይላል ሐኪሙ ምክንያቱ፤
እኔ ግን አውቃለሁ፤ ታኮ ነው ጥፋቱ።
በሃያ ዓመቴ ላይ፣ ሹል አፍንጫ ጫማ፣
ቀጭን ታኮ አድርጌ ስወጣ ከተማ
ደረጃው በሙሉ ስሜን ይጠራ ነበር።
ዛሬም አልጸጸትም። ያምር ነበር። ያምር።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው፤ ወረቀት ጻፈልኝ፣
ከመድኃኒት ቤቱም አንድ ጫማ አወጡልኝ፤
ቀለሙ እንደ ሾርባ፣ ቅርጹ እንደ ሙልሙል።
«ይመችዎታል» አለች፤ እውነቷን ነው፣ ይመቻል።
አልጋም ይመቻል እኮ፤ ለብሼው አልወጣም።
ምቾት ብቻ ይዤ ሰው ፊት አልመጣም።

እህቴ ክሎሪንዳ፣ አፏ እንደ መቀስ፦
«በዚህ ዕድሜሽ ማን ያይሻል፣ ምን ብታደርጊስ?»
«እኔ አየዋለሁ» አልኳት፣ «አንገቴን ስደፋ፤
አንገት የሚደፋ ሰው የሚያየው አይጥፋ።»

በማግስቱ ገባሁ ካንዱ ፋሽን ቤት፤
ሁሉም ጫማ ጠባብ፣ እንደ ምቀኛ አንጀት።
«ትንሽ ይታገሱት፤ ቆዳው ይለቃል» አለችኝ፤
እናቴም ስለ ባሌ እንዲህ ነበር ያለችኝ።
ታገስኩ። እሱ አልለቀቀም። የለቀቅሁ እኔ ነኝ።

አንድ ሐሙስ ዘነበ። ከሥራ ስመለስ
ግድግዳ ደግፎኝ ቀስ እያልኩ ሳነክስ፣
እግር ጣለኝ ይላሉ፤ እኔን በእውነት ጣለኝ፣
ካንድ ጠባብ ደጃፍ ተንበርክኬ ተገኘሁኝ።
ሰፊ ጫማ ብዬ ከተማውን ሳስስ
ጫማ ሰፊ አገኘሁ፣ ክሩን በሰም የሚያርስ።

ጄሮላሞ ይባላል። ቁጥሬን አልጠየቀኝ።
«ካልሲዎን ያውልቁ» አለና አስቀመጠኝ።
ማፈሬን ሳያይ፣ ወይም አይቶ እያለፈ፣
ወረቀት አንጥፎ እግሬን አሳረፈ፤
እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ከተረከዜ ጀመረ፣
በውስጥ በኩል መጣ፣ ቀስ አለ፣ ዞረ።
ከጉብታው ሲደርስ እኔ ትንፋሽ ያዝኩኝ፤
እሱ ግን ዞረበት፣ መርከብ ሲዞር እንዳየሁኝ
ከፋኖሱ ማማ ሥር፣ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ፣
ሳይቸኩል፣ ሳይተክዝ፣ ቀና ብሎም ሳያይ።

«ቀለሙስ?» አለኝ ብቻ። ይህ ነበር ጥያቄው፣
ከሐኪም ከሻጩ ማንም ያልጠየቀው።
አረንጓዴ አልኩት፤ የወይራ አይደለም፣ የጠርሙስ፤
ማሰሪያው በጎን ይሁን፤ ታኮው አይቅር፣ ይነስ።
ፎርማው ላይ ቁራጭ ቆዳ ለጠፈ በምስማር፣
እንጨቱም እንደኔ ጉብታ አወጣ ባንድ አዳር።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዋጋው? አትጠይቁኝ።
ክሎሪንዳ ጠይቃኝ ዋሽቼ አመለጥኩኝ።

ዳንኩ አልልም። ማታ ማታ ያመኛል፣
ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፤
ትኬት ስቆርጥ ቆይቼ ከጠረጴዛው ሥር
አውልቄው አርፋለሁ፤ እግርም አለው ምስጢር።
ትናንት ግን ደረጃውን ወረድኩ ሳልይዝ ብረቱን፤
አንድ ጎልማሳ ዞር አለ፣ አየ
ጫማዬን፤ ከዚያ ፊቴን።

ወረቀቱን ለምኜ ወሰድኩት ከሽማግሌው፤
ኩሽናዬ ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ነው።
የጎረቤቴ ልጅ፣ ቱሊዮ፣ ስምንት ዓመቱ፣
ብስኩት ሊበላ መጥቶ አፈጠጠ በወረቀቱ፦
«ይህ ደሴት የት ነው ያለው? ኮርሲካ አጠገብ?
ስንት ሰዓት ይፈጃል ከዚህ በመርከብ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ዕድሜዬን ሰጥቻለሁ፤
ዋጋውን፣ ሰዓቱን በቃሌ አውቃለሁ።
«መርከብ አይሄድም» አልኩት፤
«በእግር ነው።»