ላልቶ የተነበበ

ያ የጭጋግ ክረምት ትዝታችንን አጥቦ ከሄደ ጀምሮ
ደጀን በየንጋቱ ትናንቷን ትጠጣለች በጆሮ።
በየሎቲያችን በኩል፣ ከቀበሌው ጓሮ፣ ዘካሪ ይልካል፤
ስምህን፣ ዕዳህን፣ ከማን እንደተጣላህ፣ አንድ ሳይቀር ይተርካል።
እሱ የዘለለውን ግን ማን ያስታውሳል?

እኔ አንጓች ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ።
ለትርንጎ አንድ ነኝ፤ እንዲህ ይላል ሎቲዬ፣ እንዲህ ትላለች እናቴ።
ግን የጓዳችን መቃን ላይ፣ በቢላ የተጫረ
የልጅ ቁመት አለ፤ ከኔ ጎን ለጎን ሲያድግ የኖረ፣
እኔ ትከሻው ጋ ስቀር እሱ ወደ ላይ የቀጠለ፣
ከዚያ፣ አንድ ሐምሌ ላይ፣ ቀጥ ያለ።

ጎረቤቱን ጠየቅሁ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤
«የአናጢ ምልክት ነው» ብሎ አንዱ ሳቀ።

በሌሊት፣ በጀርባ መስኮት፣ ዘካሪ ዘንድ ገባሁ፤
አቧራውን በክንዴ ጠርጌ ጥያቄዬን ጻፍሁ።
ማጉያውን መብረቅ ስለበላው መልሱ በፊደል ነው፤
«የማን ቁመት ነው?» ብለው፣ ቆይቶ ቆይቶ የመለሰው ይኸው ነው፦

አለ አለ

ተበላሸ አልሁ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ደገመው።
«ማን አለ? ምን አለ?» ስል ያንኑ ሁለት ቃል ደረደረው።
ሦስት ሌሊት ተመላለስሁ፤ ቀን ቀን በደብተሬ ገልብጬ
በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሳየው ዋልሁ አፍጥጬ።
ሐሜት ነው እንዴ? አንዱ አለ፣ ሌላው አለ?
ተናጋሪውስ ማነው? የተናገረው ቃል የት ዋለ?

በአራተኛው ማታ የአንማውን ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ፈታሁ
(ይቅር በለኝ አንማው፤ ሲነጋ እመልሳለሁ ብዬ፣ ረሳሁ)።
ሁለት ሽቦ በጥርሴ ገፍፌ ከዘካሪ ጎን አሰርሁ፤
ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሳለ። ከዚያ ሰማሁ።

የፊተኛው ላልቶ።
የኋለኛው ጠብቆ፣
ምላስን ከላንቃ አጣብቆ።

ለካ ፊደላችን ጥብቀትን አይጽፍ!
ለካ አጥፋ የተባለ ማሽን፣ ትእዛዙን ሳያልፍ፣
በማትጻፍ በአንዲት «ል» አንድ ሰው ያተርፍ!

«ማነው ያለው?» አልሁ አላልቼ።
«ማነው ያለው?» አልሁ አጥብቄ፣ ትንፋሼን ውጬ።
«ስሜን እንዳትጽፍ አለኝ፤ እንዳትናገር አላለኝም» አለና
የሐምሌ ዶፍ ለቀቀብኝ፣ የቆርቆሮ ጩኸት፣ የጭነት መኪና፤
በመሀል የጎረምሳ ድምፅ፣ ገና ያልወፈረ፣ የቸኮለ፦
«ባይለየኝ ነኝ። ዛሬ ማታ ዓባይን ልሻገር ነው» የሚል፤
«እማ መንገድ መንገድ እያየች እንዳታረጅብኝ
ከራሷ አውጣኝ። አንጓች ታለቅሳለች፤ ከሷም አውጣኝ።
ስሜን ለማንም እንዳትጽፍ። አጥፋኝ።»

ባይለየኝ።
ስሙን እያኘክሁ ወጣሁ። ባይለየኝ፣ የተለየን።
ወንድም እንዴት ይባላል? አፌ አልለመደውም፤
ቤት ስደርስ ቁመቱን በጣቴ ለካሁት፤ ተንጠራርቼም አልደርስበትም።

በማግስቱ አመሻሽ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤
ከቁልቁለቱ ብቅ የሚሉትን መኪኖች ታያለች፣
መብራታቸውን አንድ በአንድ፣ ለምን እንደሆን ሳታውቅ።
«ምነው እማ?» አልኋት።
«እንጃ ልጄ። ሲመሽ ሲመሽ
አንገቴ ይጠብቃል።»

አላላሁትም።