ዘበኛ የሚያስተኙ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤ ዊኒፔግ፣ በጥር፣
ከመስኮቴ ሥር ቀይ ወንዝ ረግቶ እንደ ጠጠር።
ስሙ ብቻ ነው ቀይ፤
ላዩ በረዶ ነው፣ ውስጡንማ ማን ሊያይ?

ከአራተኛው ፎቅ ኦዴት አንዲት ጠብታ ላከችልኝ፣
ከተረከዝ የተቀዳች። «ቶሎ በል እባክህ» አለችኝ
በስልክ፣ ድምፅዋን ዝቅ አርጋ።
ወረቀቱ «ሕፃን ላሮክ» ይላል፤ ስም አልወጣላትም፣ የዘጠኝ ቀን ለጋ።

ደሟን መስታወት ላይ ስስ አድርጌ አሰጣሁት፣
ሐምራዊ ቀለም አጠጣሁት፣
ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፋሁ።
ጠላት ፍለጋ ነበር የገባሁ፤
የተቀበሉኝ ግን ልጆች ናቸው፤
ጥቁር ብሌን የመሰለ አስኳል ገና ያልወጣ ከሆዳቸው፣
ለጋ ቀዮች፣ ከጉበት ከጣፊያ ተጣድፈው የመጡ፣
አየር መሸከም ሳይማሩ ለሥራ የወጡ።

ተማሪ ሳለሁ «ያልበሰሉ» ብቻ ነበር ስማቸው፤
ኋላ ነው የሰማሁት፣ ሌላ ሙያ እንዳላቸው፦
ነጩን ዘበኛ «ተው፣ ረጋ በል» እያሉ
እጁ ጦሩ ላይ እንዳለ እሹሩሩ ይላሉ።
ምክንያት አላቸው። በዚያ ሰሞን እንግዳ ይበዛል፤
ከጡት ጫፍ፣ ከአዋላጅ እጅ፣ ከሳመ ከንፈር ይጓዛል፣
አንጀት ውስጥ ጎጆ ይቀልሳል፣ ወተት ፈጪ ጎረቤት፤
ዘበኛው ሁሉን ቢወጋ፣ የሚነደው የራሱ ቤት።

ግን በር ለእንግዳ ሲከፈት ሌባም አብሮ ያያል።

በሃያ ዓመት ሥራ ሦስቴ ብቻ ያየሁት፦
ሰማያዊ መቁጠሪያ፣ ዶቃ በዶቃ ተጎትቶ፣
ዘበኛው አጠገቡ፣ እንደ ቆመ ተኝቶ።
ጉበቷ ብረቱን ቆልፏል፣ ሌባው በረሃብ እንዲያልቅ፤
ያው ቁልፍ ነው ለጋዎቹንም ከምግብ የሚያርቅ።

ደወልኩ። ሳልጨርስ ገባት።
«መድኃኒቱ ተጀምሯል» አለች፣ «እናቷ ግን ጨነቃት፤
ደሟ ደካማ ነው ወይ ትላለች፤ ምን ልበላት?»
ቁጥር ነገርኳት። ቁጥር ነው ያለኝ።
የዋህ ነው ልል ነበር፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረብኝ።

ሲነጋ ሁለተኛው ጠብታ መጣ።
ሦስት ዘበኞች ቆጠርኩ፣ ሆዳቸው በሰማያዊ ዶቃ የተነፋ፤
በአጠገባቸው ለጋዎቹ፣ አሁንም እሹሩሩ፣ አንዱም አልጠፋ።
ማን ማንን እንደሚሰማ አላውቅም።
ወረቀቱ ላይ ግን ስም ነበረ፣ በእርሳስ፣ በስሱ የተጻፈ፤
ከመስኮቴ ሥር በረዶ ጠራጊ መኪና ወንዙን ረግጦ አለፈ።