መነሻ ሙቀት

ሰንጠረዡ ላይ አንዲት ባዶ ሣጥን አለች፤
«መነሻ ሙቀት» ትላለች፣ ሌላ ምንም አላለች።
የቀረውን ሁሉ ለኮምፒውተሩ ነግሬዋለሁ፤
የብረቱን ስም፣ ክብደቱን፣ ጥንካሬውን ሞልቻለሁ፤
አንዲት ዲግሪ ሙቀት በላዩ ስትጨመር
ከሚሊዮን አሥራ ሁለት እጅ እንደሚረዝም ሳይቀር።

ከሚሊዮን አሥራ ሁለት!
ለቁንጫ እርምጃ እንኳ የማትሞላ ስፋት።
ግን ድልድዩ መቶ ሰማንያ ሜትር ነው፤
ቲሳ ወንዝ ከሥሩ፣ የሶልኖክ ባቡር ከላዩ፣
የሐምሌ ፀሐይ ከሁሉም በላይ።
ድር ሲያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤
ዲግሪም ሲያብር ድልድይ ይገፋል።

ሣጥኗን እኔ አልሞላኋትም።
ፕሮግራሙ ራሱ «ሃያ» ብሎ ጻፈልኝ፤
ዓርብ ነበር፣ መሽቶም ነበር፣ «ይሁን» አልኩኝ።
ሃያ ዲግሪ፦ የቢሮ አየር፣ የሹራብ፣ የምቹ ወንበር፤
ብረት ግን በቢሮ አየር መች ተወልዶ ነበር?

ከሃያ እስከ አርባ አምስት፣ ሃያ አምስት፤
ሃምሳ አራት ሚሊሜትር ይረዝማል።
የተተወለት ክፍተት ሰባ። ይበቃዋል፣ ይተርፈዋል።
ስክሪኑ ላይ ድልድዩ ሰማያዊ ሆኖ አደረ፤
አንድ ቀይ ነጥብ እንኳ ፊቱ ላይ አልነበረ።

በሐምሌ ሦስተኛ ሳምንት ቤንደጉዝ ባቺ መጣ፣
ላቡ ከኮፍያው ጠርዝ እየወጣ።
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሐዲድ የቃኘ ሰው ነው፤
በመዶሻ ነክቶ፣ ጆሮውን ሰጥቶ፣ ስንጥቅን የሚለየው።
ጣቱን ዘረጋልኝ። ጥፍሩ ሥር አረንጓዴ ቀለም፦
«ኢልዲኮ፣ ሁለቱ ጫፎች ተሳሙ፤
መሳሙ አልበቃቸው ብሎ መገፋፋት ጀመሩ።
እኩለ ቀን ላይ ይጮኻሉ። ነይና ስሚ።»

«አይነካኩም» አልኩት። «አስልቼዋለሁ።»
ሃምሳ አራቱን አሳየሁት፣ ሰባውንም።
ስክሪኑን አላየም። በመስኮት ወንዙን አየ።
«ይሄ ድልድይ ሲገጠም አንቺ የት ነበርሽ?»
አንደኛ ክፍል። ደብረጸን። ዝም አልኩ።
«ኅዳር ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ፣
ጉሙ ወንዙን ሸፍኖት፣ ድምፁ ብቻ ሲሄድ።
እኔና ቲቫዳር የመጨረሻዋን ቡሎን ስናጠብቅ
ጣታችን ደንዝዞ መፍቻው እጃችን ላይ መኖሩን እንኳ ሳናውቅ።
ቴርሞሜትሩን ያየሁት እኔ ነኝ። አራት ዲግሪ።
የጠየቀኝ ስላልነበረ ለማንም አልተናገርኩም።»

አራት።
ከአራት እስከ አርባ አምስት፣ አርባ አንድ።
ሰማንያ ዘጠኝ ሚሊሜትር ሊረዝም፣ ክፍተቱ ሰባ።
የተረፈውን አሥራ ዘጠኝ ብረቱ የት ያገባ?
መንገድ ያገኘ ሙቀት ርዝመት ይሆናል፤
መንገድ ያጣ እንደሆነ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ጉልበት ይሆናል።
ሃያን ሰርዤ አራት ጻፍኩ፣ እንደገና አስኬድኩት፤
ድልድዩ ከጫፍ ከጫፉ ቀይ ሲለብስ አየሁት።

«ክፍተት አለበት» ይባላል ሥራ ሲነቀፍ፤
ይህን ቃል ስፈራ ኖሬያለሁ፣ ስተጋ እንዳልሸነፍ፣
ቀዳዳን ሁሉ ስደፍን።
ለካ የኔ ነቀፋ ክፍተት ማነሱ ኖሯል።

ደብረጸን ያለው አባቴ
በትንሽ ነገር ይነዳል፤ በጨው፣ በበር ድምፅ፣ በመዘግየቴ።
እስከዚያ ሐምሌ ድረስ ሙቀቱን ብቻ ነበር የምለካው።
በየትኛው ብርድ፣ በየትኛው ንጋት እንደታሰረ
አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

መጋጠሚያውን ቆርጠው አሰፉት፤ ሦስት ሌሊት ፈጀ።
ኅዳር ላይ ከቤንደጉዝ ጋር ወጣሁ።
ክፍተቱ ውስጥ መዳፉን አስገባ፣
አውራ ጣቱን ጨመረበት፣ ገና ቦታ ነበረ።
«አሁን ይተነፍሳል» አለና
እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ባቡሩ ድምፅ ዞረ።

ከሣጥኗ ጎን የማስታወሻ ቦታ አለ፣ ማንም የማይሞላው።
እዚያ ጻፍኩ፦ «አራት። ኅዳር፣ ጉም።
የነገረኝ፦ ቴርሞሜትሩን ያየው።»