የፈጠነ ማጠንጠኛ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከጀልባ ወደቡ ዳር፣
ሱቄን እንደ ከፈትሁ፣ ቡሎን ስደረድር፣
እትዬ አትጠገብ መጣች፣ በነጠላ ጠቅልላ አንድ ነገር።
«እሱ ከሞተ ወዲህ ይኼ ዕቃ መዞር እምቢ አለ፣
ገዢም በጣቱ ገፋ አርጎ፣ ‹ደርቋል› ብሎ ጣለ።»

የጋሽ ፈጠነ ማጠንጠኛ!
የፖሊው ፈረንጅ መምህር ሲሄድ የተወለት፣
የሻይ ሳሕን የሚያህል ከበሮ፣
ማርሽ የለው፣ ፍሬን የለው፣ አንድ ዘንግ ላይ ታስሮ፣
ዓሣው ሲስብ የሚዞር፣ አውራ ጣት ሲነካው የሚቆም፤
ከዚህ የቀለለ ማሽን በዕድሜዬ አላየሁም።

እኔ የጨርቃ ጨርቅ ሰው ነኝ፤
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዝርት ዘይት አጠጥቻለሁ፣
ሺው ባንድ ላይ ሲያፏጭ፣ የታመመውን በጆሮ እለያለሁ።
ይህን ያስተማረኝ ግን እሱ ነው፣
ስሙ ፈጠነ፣ እጁ የማይቸኩለው።

አንድ ክረምት፣ ውኃው ደፍርሶ፣ እምቦጩ ከዳር ተኝቶ፣
ይኼንኑ ዕቃ አደራ ብሎኝ፣ ለቅሶ አገር ቤት ወጥቶ፣
ቸር ልሁን አልሁና፣ ግራሶውን በጣቴ ሞልቼ
ዘንጉ ላይ ጠቀጠቅሁት፣ እንደ ሙሽራ ቅቤ ቀብቼ።
ማለዳ ብርዱ ሲያረጋው ከበሮው ሆነ ድንጋይ፣
አምባዛ ይዞ ሲወርድ፣ ክሩ ጧ አለ ጫፉ ላይ።
አልተቆጣም። ጢሙን አሸት አሸት አደረገና፦
«ሰውም ማሽንም በጥጋብ ይታነቃልና
አንዲት ጠብታ ነው። አንዲት።
በመርፌ ጫፍ፤ እንደ ዓይን መድኃኒት።»

ከዚያ ከበሮውን በጣቱ መትቶ፣ አቡነ ዘበሰማያት ይጀምራል፤
ጸሎቱ አልቆ ዕቃው ገና ከዞረ፣ «ጤነኛ ነው» ይላል።

ዛሬ እኔ መታሁት።
ገና «ሲሳየነ» ላይ ስደርስ፣ ቀጥ።

ፈታሁት እንግዲህ፤ የመሐል ቡሎኑን በካቻቢቴ ቀስ አድርጌ፣
ከበሮውን ከዘንጉ ሳብሁት፣ ትንፋሼን ሰብስቤ።
የጣና ደለል ካረጀ ዘይት ጋራ ተጋብቶ፣ እንደ ሬት ጠቁሮ፣
አንድ የደንገል ጭረት፣ አንድ የዓሣ ቅርፊት፣ ከኩሽኔታው ሥር ተቀብሮ።
በነጭ ጋዝ አጠብሁት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት፣
ከፋብሪካ በቀረችኝ ጥጥ አደረቅሁት፣
ኩሽኔታውን ጆሮዬ ሥር ይዤ በጣቴ አዞርሁት።
ዝም አለ። ዝምታው ደስ ሲል!

ከዚያ አንዲት ጠብታ።
ከመርፌው ጫፍ ወረደች፣ ዘንጉን ዞረች፣ ጠፋች።

መታሁት። ጸሎቱ አለቀ። ደገምሁት።
እሱ ገና ይዞራል። የጎረቤቴን ጎማ ጠጋኝ ጠርቼ አሳየሁት።

አመሻሽ ተመለሰች። አዞርሁላት።
«አይሰማም» አለች።
«ዋናው እሱ ነው፤ የዳነ ዕቃ አይሰማም» አልኋት።
አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆየች።
«አርባ ዓመት እንዲህ እያለሰለሰ፣
ዶሮ ሳይጮህ ከጎኔ እየተነሣ፣ ሳልነቃ እየገሠገሠ፣
መውጣቱን ዓሣ ይዞ ሲመለስ ነበር የማውቀው።
በመጨረሻም እንዲያው ሄደ፤ ኮቴውን አልሰማሁ፣ በሩንም ማን እንደ ዘጋው።
ድምፅ አታወጣለትም?»

ድምፅ ለማጥፋት እንጂ ለማውጣት ተከፍዬ አላውቅም።

ግን ከበሮው ሥር ሁለት ባዶ ቀዳዳ አይቼ ነበር፤
ከዕቃው ጋራ የመጣች የክብሪት ቀፎም ነበረች።
ከፈትኋት። ጥፍር የምታህል የነሐስ ምላስ፣ ከነጥምዝምዝ ሽቦዋ።
ጋሽ ፈጠነ ራሱ ነቅሎ፣ በጥጥ ጠቅልሎ ያኖራት፤
መጣሉ እንኳ አልሆነለት።
መልሼ አሰርኋት።
ዘይቱን ግን ነፈግኋት።

ቀጨጭ፣ ቀጨጭ፣ ቀጨጭ፣ ቀጨጭ፤
ቀዛፊዎቹ ከወደቡ ዞር አሉ።
እትዬ አትጠገብ በአውራ ጣቷ እያቆመች፣ እየለቀቀች፣
ጸሎት አልቆጠረች፣ ምንም አልቆጠረች።
መብራት ሲመጣ ጠቀለለችው።
«ያ ገዢ ተመልሶ ቢመጣ» አለች፣ ነጠላዋን እያጣፋች፣
«ደርቋል በለው።»