በበግ አመካኝቶ

በየወሩ መጀመሪያ፣ ነፋሱ ጋብ ያለ ዕለት፣
ድሮኗን ከመኪና አወርዳለሁ ከድንጋዩ አጥር ፊት፤
አራት ክንፏን ዘርግቼ፣ ባትሪዋን አጉርሼ፣
እሰዳታለሁ ሽቅብ፣ አፍንጫዬን በእጅጌ አብሼ።

ኩም ሄሊግ ይሉታል ስፍራውን፤ ደቡብ ዌልስ ነው አገሩ፤
ሆዱን ለከሰል የቀደዱት ተራራ ነው ድንበሩ።
ጉድጓዱ የተዘጋው እኔ ሳልወለድ ነው፣ አንድ ሐሙስ ዕለት፤
መዘጋቱን ግን ለውሃው ማንም ደብዳቤ አልጻፈለት።
ይወጣል እስከ ዛሬ፣ በጨለማ ብረት እየጠጣ፣
እንደ ዛገ ምስማር ቀልቶ ከዋሻው አፍ እየመጣ።

ስለዚህ አምስት ኩሬ በእርከን ቆፈርንለት፤
ሸምበቆ በእጃችን ተከልን፣ ጭቃ እስከ ጉልበት።
የረግረጉ ጥበብ ሌላ አይደለም፣ መዘግየት ነው፤
ውሃው ሲንፏቀቅ፣ ሲያንቀላፋ፣ ዝገቱ ከሥር ይቀራል ጥሎት ሲሄድ እሱ ነው።

ድሮኗ ይህን ሁሉ በአሥራ ስምንት ደቂቃ፣
ስድስት መቶ ፎቶ አንስታ ትወርዳለች ጠንቅቃ።
ዓይን የማያየው ቀይ አለ፣ ጤነኛ ቅጠል የሚረጨው፤
እኔ አላየውም፤ የእሷ መነጽር ነው የሚለቅመው።
ማታ ኮምፒውተሩ ፎቶ ከፎቶ ይሰፋል፤
ሲነጋ ካርታ ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ያድራል።

መጋቢት ላይ ነበር፣ ሦስተኛው ኩሬ ላይ፣
አንዲት ቀጭን መስመር በካርታው ስትታይ።
ከዳር እስከ መሐል፣ ቀጥ ያለች እንደ ጠባሳ፤
ሸምበቆው ግራ ቀኝ ተኝቶ፣ ቀለሙ ሳስቶ ሳሳ።
በሚያዝያ ሰፋች። በግንቦት ውሃው አገኛት፤
አቋራጭ የሚጠላ ማን አለ? ዘሎ ገባባት።
ከመውጫው ብቀዳ፣ ብርጭቆው ሻይ መሰለ፤
ሦስት ቀን የሚተኛው በአምስት ሰዓት ኮበለለ።

«መንስኤውን ጻፊ» አለኝ ሪስያርት፣ «እስከ ዓርብ።»

አንድ ማታ ያለ ድሮን፣ በእግሬ መጣሁ ቦት አጥልቄ፤
ከቱቦው ቤት ጀርባ ቆየሁ፣ ቴርሞሴን አቅፌ ተደብቄ።
መጣ።
ኢልቲድ ነው፤ ሰማንያ ሦስት ነው ዓመቱ፤
ፖስታ ቤት ስንገናኝ ወሬያችን ስለ ዝናብ ነው፣ ስለ ጉልበቱ።
ሸምበቆውን በዱላው ገለጠ። መሐል ሲደርስ ቆብ አነሳ፤
ቆየ። ቆየ። ከዚያ በዌልሽ አንድ ነገር አወሳ።
ነፋሱ ግማሹን በላው፤
የደረሰኝ ስም ብቻ ነው፣ «ኤምሊን» የሚለው።

የኩባንያውን አሮጌ ካርታ፣ በቀለም ብዕር የተሣለ፣
በድሮኗ ካርታ ላይ ብደርበው፣ ልክ በልክ ዋለ።
መስመሯ ያለቀችበት፣ የሁለተኛው ጉድጓድ አፍ ነው፤
«ስድስት ሰዎች። አልወጡም» ይላል፣ ጠርዙ ላይ የተጻፈው።
ሸምበቆ ተክለንበታል። ማንን ጠይቀን ነበር?
እኔ ከስልሳ ሜትር ከፍታ ያየኋት ጭረት፣
ለእሱ ሁለት መቶ ሜትር የምትወርድ ደረጃ ናት።

ዓርብ ደረሰ። ቅጹ ላይ «መንስኤ» የሚል ሳጥን አለ፤
ጣቴ በቁልፎቹ ላይ እንደ ሰካራም ዋለለ።
«በግ» ብዬ ጻፍኩ። «አጥር ጥሶ የገባ። አንድ።»
በዚህ አገር በግ ያልተከሰሰበት የለም ጉድ።
በልጅ ያመካኘ አንጉቶውን ይበላል፤
በበግ ያመካኘስ? ምሳውን ረስቶ ይውላል።
መፍትሔ፦ «የእንጨት መሄጃ፣ ከጭቃው ከፍ ያለ፣ ሠላሳ ሁለት ሜትር፤
ለናሙና መቅጃ» አልኩ። ሁለተኛው ውሸት ነው፤ ማን ይቈጥር?

መስከረም ላይ ሸምበቆው ጠባሳውን ገጠመ።
ውሃው ወደ እንቅልፉ ተመልሶ ጋደመ።
ፎቶ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ከእንጨቱ ጫፍ፣
አንዲት ነጥብ አለች፤ ቆብ በእጅ፣ ራስ በራ፣ ቀና ያለ አፍ።
ድሮኗን እያያት ነው። አልተቈጣም፤ ሰላምታም አልሰጣት።
ስፌቱ የሚንቀሳቀስ ነገር አይወድም፤ በራሱ ጣላት።
ካርታው ላይ እዚያ ቦታ ሸምበቆ ነው ያለው፣
ብዙ ሸምበቆ፣
አረንጓዴ።