ለአይላ፣ ከኦውሉ

ሦስቴ ጀመርኩልሽ፣ አይላ፣ ደብዳቤ፤
ሦስቴ ድርግም አለ ሳይቋጭ ሐሳቤ።
ውጭው በረዶ ነው፣ ባሕሩም ረግቷል፤
ኮምፒውተሩ ብቻ በትኩሳት ሞቷል።

«ጣለው» አለኝ ኤስኮ፣ ጎረቤቴ፣ «አርጅቷል።»
እኔም አርጅቻለሁ፤
ግን ማን ጣለኝ ብዬ ብሎኑን ፈታሁ።

ማራገቢያው ታፍኗል። በወረንጦ ይዤ
ግራጫ ፀጉር ሳብኩ፣ ቆምኩኝ ፈዝዤ፦
የሚሴ ነው፣ ልጄ፣
የድመትሽ።
ከሞተች ሁለት ዓመቷ፤ የማሽኑን አፍ ዘግታ
እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው ነች፣ ተኝታ።

ካንጎሉ ላይ ቅባት፣ የደረቀውን፣ ጠራርጌ በአልኮል
አዲሱን ጨመርኩት፣ የሩዝ ፍሬ ያህል።

ሰዓት አለፈው፣ አልጠፋም እስካሁን።
በክብሪት ቀፎ ውስጥ አኖርሁት ፀጉሩን።

ክፍሉ ግን በረደኝ።