ቀደዳ

ኅዳር ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ጨው አስመስሎ፣
መሐል ሜዳ ደረሱ፣ መኪናቸው ካሜራ አዝሎ።
አልባሳት የምታሰናዳ፣ የትናየት የምትባል፣
«በርኖስ ይሠሩልኛል?» አለች፤ «ቀብዱ ዛሬ ይከፈላል።»

እኔም ዘረጋሁ ድሩን፣
የጥቁር በጌን ጠጉሩን፣
ጥሩወርቅ የፈተለችውን ያን ሁሉ የክረምት ሌሊት።
ሃያ ሁለት ቀን ወረወርኩ፤ አንድ ክር አላሳሳሁበት።
ቀኝ ትከሻው ላይ ያቺን ጫፍ ቀንድ አወጣሁለት፣
ዝናብ የሚንሸራተትባት፣ ነፋስ የሚዞርላት።

አየችው፣ ዳሰሰችው፣ «ግሩም ነው» አለችኝ።
ደስ አለኝ፣ አልደብቅም፤ ሻይም ጋበዘችኝ።
ቀጥላ ያንኑ ሻይ በባልዲ አፍልታ
በርኖሴን ነከረችው፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፤
በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችው እንደ እንጨት፣
በምላጭ ተለተለችው፣ በሻማ ለኮሰችው ጥቂት።
«ምነው እመቤት?» ብላት ሳቀች በትሕትና፦
«አዲስ ልብስ ካሜራ ላይ ይዋሻል፣ ጋሼ፤
ሰውዬው ድሃ ነውና።»

ዋጋዬን ቆጥሬ ኪሴ ከተትኩ።
እጄ ግን፣ መንገዱን ሙሉ፣ አልሞቅ አለ።

ሚያዝያ ላይ ታየ። በወንድይፍራው ምግብ ቤት፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው፣
ሰዉ ቆሞም ተቀምጦም፣ ልጁን በጫንቃው ያዘለው፣
ጓሳ ሲመጣ አጨበጨበ፣
ጅብራው፣ ጭጋጉ፣ ያ ገደል፣ ስክሪኑ ላይ የተሣለው።
ከዚያ ሽማግሌው ገባ።
ለልጁ ሚስት ሊያጭ፣ ከሰው ደጅ ቆሞ፣
ትከሻው ተተልትሎ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ ከስሎ፤
የኔ በርኖስ።

ዝም አለ ቤቱ። ብርጭቆ አስቀመጡ።
ከዚያ ነደዱ፣ ተነሡ፣ አፍ አወጡ፦
«ማነው መንዝ ላይ በቡትቶ ሽምግልና የሚሄድ?
ከጎረቤት ይዋሳል እንጂ፣ እንዲህ ይጀመራል መንገድ?»
«እንግዳ ፊት የሚለብሰው ያጣ፣ እኛ ዘንድ አልተወለደ!»
«ቀደዳ ነው» አለ ወንድይፍራው፤ «ልብሱንም ወሬውንም ቀደደ።»

ደብዳቤ ተጻፈ፣ ሠላሳ ሰው ፈረመ፣ ማኅተም ተመታ፤
ደብረ ብርሃን ሄደ፣ ከዚያም ወዲያ፤ ከሳምንታት ቆይታ
የጣቢያው ይቅርታ መጣ።
እኔም ፈርሜያለሁ፣ ሃያ ሰባተኛ።
ማን እንደሸመነው የጠየቀ የለም።

ግን ሌሊት፣ ጥሩወርቅ ተኝታ፣
አላስተኛ አለችኝ ትከሻው ላይ ያቺ የምላጭ ቦታ።
አባቴ ሀብተየስ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣
በጉ ሁሉ አልቆ የሚፈተል በታጣበት፣
ለወንድሜ ሚስት ሊለምን ግሼ ድረስ ሲሄድ፣
በርኖሱ እዚያው ጋ ነበር የተቀደደ፤ እንጨት ሲሸከም፣ ሲወርድ።
ጎረቤት ሊዋስ ሞክሯል። ጎረቤትም የለው።
መንገዱን ሙሉ በግራ መዳፉ ቀዳዳውን ሸፈነው፤
የልጅቷ አባት ደጅ ላይ፣ እጅ ሲነሣ ብቻ ለቀቀው።
ከኋላው ነበርኩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። አየሁ።
ለሚስቴም እንኳ አልተናገርኩ።

ታዲያ ያቺ ልጅ፣ ከአስፋልት የመጣች፣ ግሼን በስም የማታውቀው፣
ምላጯን የት እንደምታሳርፍ ማን ነገራት?
ወይስ ድህነት ልብስ የሚበላው
በየሀገሩ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ነው?

ልክ ነበርን፤ ሽማግሌ እንዲያ አይወጣም።
ልክ ነበረች፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያ ወጥቷል።

ሰኔ ላይ በርኖሱ በጆንያ ተመለሰ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ፣
«ለማስታወሻ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ተሰክቶበት።
ጥሩወርቅ መርፌ አቀበለችኝ።
የከሰለውን አራገፍኩ፣ ጀርባውን ጠቀምኩ፣ ጠርዙን አጠፍኩ፤
ትከሻው ጋ ስደርስ መርፌው ቆመ።
«ክር አለቀ?» አለችኝ።
በግራ መዳፌ ሸፈንኩት።
እጄን ሞቀኝ።